መኪናችሁን በእጅ ወይስ በማሽን? ቀለሙን ሳትጎዱ የማጠብ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ግቢ ጠዋት ጠዋት የሚታይ ነገር አለ። ጥበቃው አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ጨርቅ ይዞ መኪናውን ይወለውላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው ያበራል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይወጣል። ጨርቁ ግን የትናንቱን አቧራ በዛሬው ላይ ጨምሮ ኮፈኑ ላይ ሲፈጭ ነው የሚያድረው። ዓመት ሳይሞላ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ብታዩት ቀለሙ በክብ ክብ ቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል።

ስለ መኪና እጥበት ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ "እጅ ይሻላል" እና "ማሽን ይሻላል" ላይ ይቆማል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። አቧራው በውሃ ሳይለቅ ቀለሙን የሚነካ ነገር ሁሉ ይጭራል። የሰው እጅም ቢሆን፣ የማሽን ብሩሽም ቢሆን። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ቀለሙ ላይ ምን ይፈጠራል?

የአሁን መኪና ቀለም ድርብርብ ነው። ከብረቱ ቀጥሎ ዝገት የሚከላከል ፕራይመር አለ። ከዚያ ከለሩ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ክሊር ኮት የሚባል ቀለም የሌለው ሽፋን ይቀባል። መኪናውን የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የአንድ ተራ የፕሪንተር ወረቀት ግማሽ ያህል ማለት ነው።

የመንገድ አቧራ ውስጥ ደግሞ ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ማዕድን አለ። ኳርትዝ መስታወት ይጭራል። ክሊር ኮት ከፕላስቲክ ጋር የሚዛመድ ነገር ስለሆነ ለዚህ አቧራ አቅም የለውም።

የኛ አገር ሁኔታ ሌላም ነገር ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይበረታል። ጣራቸውና ኮፈናቸው የተላጠ መኪኖች መንገድ ላይ የሚበዙት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በጭረት የሳሳ ክሊር ኮት ደግሞ ፀሐይን ለመቋቋም የባሰ ይደክማል። ስለዚህ ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። መኪናው ሲሸጥም ዋጋ ይነካል።

የትኛውን ልምረጥ?

በቂ ውሃ፣ ጥላ ያለው ቦታና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ካላችሁ፣ ራሳችሁ በእጅ ብታጥቡት የሚስተካከለው የለም። ይህ ካልተመቸ ላቫጆ ሂዱ፤ ግን አብራችሁ ቁሙ። ውጭ አገር የምትኖሩና በረዶ የሚያያችሁ ከሆነ፣ ክረምቱን ብሩሽ የሌለው ማሽን ይሻላችኋል። በምንም ሁኔታ የማይመከረው አንድ ነገር ደረቅ መኪናን በደረቅ ወይም በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው። መኪናው አቧራ ለብሶ ሁለት ቀን ቢቆይ ይሻላል። የቆመ አቧራ አይጭርም፤ የሚጭረው ሲፈጭ ነው።

ቤት ውስጥ በእጅ ማጠብ

መጀመሪያ ዕቃውን አሟሉ። ሁለት ባልዲ፣ የመኪና ሻምፖ፣ ከማይክሮፋይበር የተሠራ የማጠቢያ ጓንት፣ ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ የማይክሮፋይበር ፎጣ። ለጎማና ለቸርኬ የተለየ ስፖንጅ ወይም ብሩሽ ይኑራችሁ፤ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ምልክት አድርጉበት። ቢጫው የወጥ ቤት ስፖንጅ ለቀለም አይሆንም። ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋው የሚገባበት ቦታ የለም፤ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። የጓንቱ ጭራ ግን አሸዋውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ስለ ሳሙና አንድ ነገር ልበል። የልብስ ዱቄት ሳሙና አልካላይነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ሰሙን (ዋክሱን) ያነሳል፣ ጎሚኒውንም ያደርቃል። ላርጎ እንደሱ አይከፋም። ግን እሱም የተሠራው ቅባት ለማንሳት ስለሆነ ዋክሱን ይዞት ይሄዳል። የመኪና ሻምፖ ብዙውን ጊዜ አሲድም አልካላይም ወዳልሆነው፣ ወደ ገለልተኛው የተጠጋ ነው፤ ጓንቱ ቀለሙ ላይ እንዲንሸራተትም ያደርጋል። ዋናው ጥቅሙ ይህ መንሸራተቱ ነው። አንድ ጠርሙስ ለብዙ እጥበት ስለሚበቃ ውድ መስሎ ቢታያችሁም ያዋጣል።

ሰዓቱን ምረጡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። የሚሞቅ ከሆነ ጠብቁ። ትኩስ ብረት ላይ ሻምፖው ቶሎ ይደርቅና ጠባሳ ይተዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ከቸርኬ ጀምሩ። ከሁሉም የሚቆሽሸው እሱ ነው፤ የፍሬን ሸራ ብናኝ የተጋገረበት እዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ካጠባችሁት ቆሻሻው ወደታጠበው በር ይረጫል። ቸርኬው ትኩስ ከሆነ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት። ከረጅም መንገድ መልስ የጋለ የፍሬን ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። ከጣራው ጀምራችሁ ወደታች ውሃ ብቻ ልቀቁ። ምንም አትንኩ። ፓራፋንጎው ሥር፣ የታርጋው ዙሪያ፣ የፊት ፓራውልት ላይ ውሃው ትንሽ ይቆይ። የደረቀ ጭቃ ካለ አርጥባችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ እንደገና ውሃ። ጭቃን በጥፍር ወይም በስፖንጅ ፈቅፍቆ ማንሳት ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ከማሸት አይለይም።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ፣ ተስፋ አትቁረጡ። ገበያ ላይ ያለው በእጅ የሚነፋ የአትክልት መርጫ እዚህ ጋ ትልቅ ሥራ ይሠራል። አዲስ መሆን አለበት፤ ፀረ ተባይ የገባበትን አትጠቀሙ። ትንሽ ሻምፖ በውሃ አቅጥናችሁ መኪናውን በሙሉ እርጩት። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ግን አይድረቅ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ እየረጫችሁ አውርዱት። በዚህ መንገድ በሁለት ወይም በሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ አነስተኛ መኪና በደንብ ይታጠባል። ክፍት የተተወ የውሃ ጎማ ግን በየደቂቃው ከ30 ሊትር በላይ ሊያፈስ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነው ጓንቱ የሚገባው። አንደኛው ባልዲ ሻምፖ ያለበት፣ ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን። ጓንቱን ሻምፖው ውስጥ ነክራችሁ ጣራውን እጠቡ። ሲጨርስ ንጹሑ ውሃ ውስጥ አራግፉት፣ ጨምቁት፣ ከዚያ ወደ ሻምፖው መልሱት። ይህንን በየክፍሉ ድገሙ። ቅደም ተከተሉ ጣራ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የበሮቹ የላይኛው ክፍል፣ የኋላው፣ ከዚያ የበሮቹ የታችኛው ክፍል ነው። ፓራውልቶቹ መጨረሻ ይሁኑ። እጃችሁን በቀጥታ መስመር አንቀሳቅሱ፣ ክብ አትሥሩ። አትጫኑም፤ የጓንቱ ክብደት ራሱ ይበቃል።

ስትጨርሱ የንጹሑን ባልዲ ታች እዩት። የተቀመጠው ደቃቅ አሸዋ አንድ ባልዲ ብቻ ብትጠቀሙ ኖሮ ተመልሶ ቀለሙ ላይ የሚወጣው ነው። ጥበቃውን ወይም ልጆቹን ለማሳመን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ጓንቱ መሬት ከወደቀ ለዚያ ቀን ሥራው አብቅቷል። አጥቦ መመለስ አይሆንም። ጠጠሩ ጭራው ውስጥ ይደበቃል።

በንጹሕ ውሃ ካለቀለቃችሁ በኋላ ፎጣውን ዘርግታችሁ አስቀምጡት፣ በእርጋታ ጎትቱት ወይም እያነሳችሁ አድርቁ። ማሸት የለም። አየር ላይ እንዲደርቅ መተው ደግሞ የውሃ ነጠብጣብ ያመጣል፤ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ማዕድኑ ነጭ ክብ ትቶ ይሄዳል። በሮቹን ክፈቱና ጠርዛቸውን ጥረጉ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ነድታችሁ ፍሬኑን ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፤ ዲስኩ ይደርቃል።

የወፍ ኩስ እጥበት ቀን አይጠብቅም። ፀሐይ ካገኘው በሰዓታት ውስጥ ክሊር ኮቱን ሊበላው ይችላል። ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ላዩ ላይ ጣሉበት፣ አምስት አሥር ደቂቃ ይርጠብ፣ ከዚያ አንሱት። የዛፍ ሙጫም እንደዚሁ በቶሎ መነሳት አለበት።

በየሁለት ሦስት ወሩ ዋክስ ቀቡ። ጊዜው መድረሱን ውሃ ይነግራችኋል። መኪናው ላይ ያረፈ ውሃ እየተንኳለለ የሚወርድ ከሆነ ዋክሱ አለ፤ ተዘርግቶ የሚቀመጥ ከሆነ አልቋል።

ላቫጆ ስትሄዱ

ላቫጆ ላይ የሚሠሩት ልጆች ጉልበታቸውን አይቆጥቡም። ችግሩ ጊዜ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ክፍያቸውም ባጠቡት መኪና ልክ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ይቸኩላሉ። አንድ ስፖንጅ ከሚኒባስ ጎማ ወደ እናንተ ኮፈን የሚዘዋወረው ለዚህ ነው።

የራሳችሁን ጓንትና ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ። ስትደርሱ በትሕትና ተነጋገሩ። "ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውሃ ብቻ ልቀቅበት። ቦዲውን በዚህ ጓንት ነው የምታጥበው። ጎማውን በራስህ ስፖንጅ።" ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም። ለተጨማሪው ጊዜ ጉርሻ ጨምሩ። በሚቀጥለው ስትመጡ ራሱ ያስታውሳችኋል።

የግፊት ውሃውን ተከታተሉ። አፈሙዙ ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የተላጠ ወይም ጋራዥ ውስጥ በቅርቡ የተቀባ ቀለም ላይ ከዚያም በላይ ይራቅ፤ ውሃው ጠርዙን ካገኘው ገሽልጦ ያነሳዋል። የጎማው ጎን፣ የበር ጎሚኒ፣ የራዲያተር ክንፎችና የፓርኪንግ ሴንሰር በቅርብ ርቀት ሊመቱ አይገባም።

የሞተር እጥበት እኔ በየጊዜው አልመክርም። አሁን ያሉ መኪኖች ሞተር ዙሪያቸው በሴንሰርና በሽቦ መጋጠሚያ የተሞላ ነው። ውሃ ከገባበት በማግስቱ ሞተሩ ይንገጫገጫል ወይም አልነሳም ይላል። የዘይት ፍሳሽ ለማወቅ ግድ ከሆነ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ባትሪው፣ ዲናሞውና የአየር ማስገቢያው በፌስታል ይሸፈን፣ ውሃው በዝቅተኛ ግፊት ይሁን። ከሥር ወይም ፕላስቲክ ላይ ናፍጣ እንርጭበት ካሏችሁ እምቢ በሉ። ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ግን ጎሚኒውን ያሳብጣል፣ አቧራም ይሰበስባል።

መኪናውን ከቦታ ቦታ ራሳችሁ አንቀሳቅሱ። ቁልፍ ሰጥቶ ሻይ ለመጠጣት መሄድ ብዙ ጣጣ አምጥቷል። ከመውጣታችሁ በፊት የሾፌሩን ምንጣፍ እዩ። ታጥቦ ሲመለስ ወደፊት ከተገፋ የነዳጅ ፔዳሉን ሊይዘው ይችላል። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህንን አትርሱ።

መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የያዘው ሰው በዝቷል። እነዚህ መኪኖች ዝናብ እንደሚችሉ ሁሉ እጥበትም ይችላሉ። ብቻ ቻርጅ እየተደረጉ አይታጠቡ። የቻርጅ መሰኪያው ክዳን መዘጋቱን አረጋግጡ፣ የግፊት ውሃውንም ወደዚያ አታነጣጥሩ። ብርቱካናማ ሽቦ ባያችሁበት ቦታ ሁሉ የግፊት ውሃ ይራቅ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድበት ነው።

የሚፈሰውን ውሃም አስቡት። ወንዝና ሐይቅ ዳር ማጠብ ርካሽ ነው፤ ግን ዘይቱና ሳሙናው በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል። የአቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ነው የሚሄደው፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። በመንገዱ ላይ በዚያ ውሃ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ያ አትክልት ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛው ገበያ ነው።

ውጭ አገር፣ አውቶማቲክ ማሽን ውስጥ ስትገቡ

አሜሪካ ውስጥ ይህ ንግድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ዲትሮይት ውስጥ ነው ይባላል። ያኔ መኪናው በሰው እየተገፋ ያልፍና አንዱ ሳሙና ይቀባል፣ ሌላው ያለቀልቃል፣ ሌላው ያደርቃል። ዛሬ ያንን ሁሉ የሚሠራው ማሽን ነው።

ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንደኛው በጨርቅ ወይም በስፖንጅ መሰል ፎም እየተሽከረከረ ያጥባል። በደንብ ያጸዳል፤ ግን ከእናንተ በፊት የገባው መኪና ጭቃ የነበረበት ከሆነ ያ ጭቃ ጨርቁ ላይ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ተችለስ የሚባለው ነው። በግፊት ውሃና በጠንካራ ኬሚካል ብቻ ያጥባል፣ ምንም አይነካም። አይጭርም፤ ግን ስስ የቆሻሻ ሽፋን ሊተው ይችላል፣ ዋክሱንም ቶሎ ይጨርሰዋል። ለቀለሙ ለሚሳሳ ሰው ተችለሱን እመርጣለሁ። ቴስላ ያላችሁ ደግሞ አምራቹ ራሱ የሚመክረው ተችለስ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ እዩ። መግቢያው ላይ መኪናውን አስቀድሞ በግፊት ውሃ የሚያርስ ሠራተኛ ወይም ማሽን አለ? ጨርቁ ንጹሕ ነው ወይስ ጠቁሯል? ሲወጡ መኪኖቹ ምን ይመስላሉ? መልሱ ካላማራችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

መስኮቶችን ዝጉ፣ ስፖኪዮውን እጠፉ፣ የሚነቀል አንቴና ካለ ንቀሉ። ዝናብ ሲነካው በራሱ የሚነሳ የመስታወት መጥረጊያ ካለው አጥፉት፤ መሀል ላይ ተነስቶ በጨርቁ ሊሰበር ይችላል። የሚጎትት ሰንሰለት ያለው ከሆነ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጉ፣ እግራችሁን ከፍሬን አንሱ፣ መሪውን ልቀቁ። ሲቆም በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሲስተም ያላቸው መኪኖች እዚህ ጋ ያስቸግራሉ፤ አስቀድማችሁ አጥፉት። ቴስላ ለዚህ የተሠራ የካር ዎሽ ሞድ አለው፤ መስኮት ይዘጋል፣ የቻርጅ ክዳኑን ይቆልፋል፣ መጥረጊያውን ያጠፋል።

ጣራው ላይ ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ፓራውልቱ የላላ ወይም ቀለሙ የተላጠ መኪና ብሩሽ ያለው ማሽን ውስጥ አይግባ። አዲስ የተቀባም እንዲሁ፤ ቀቢው የነገራችሁ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን፣ ይለፍ።

ታክሲና ኡበር ለሚነዱ ወገኖቼ የወሩን ከፍሎ በፈለጉት ጊዜ መግባት ይማርካል። ተሳፋሪ ንጹሕ መኪና ይፈልጋልና ያዋጣል። ነገር ግን ስለተከፈለ ብቻ በየቀኑ ጨርቁ ውስጥ መግባት ቀለሙን ያደክማል። በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይብቃችሁ፤ በመሀል ውስጡን ብቻ ጥረጉ።

ሚኒሶታም ሆነ ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ ክረምት ላይ ትልቁ ጠላት ጨው ነው። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ከሥር ተለጥፎ እርጥበት ይስባል፣ ብረቱን ይበላል። በዚህ ወቅት ጭረት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። የሥር እጥበት ያለውን አማራጭ ይዛችሁ በየአሥር ቀኑ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ግቡ። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይ የወጣበትን ቀን ምረጡ። ሲያልቅ የበሮቹን ጎሚኒ አድርቁ፣ አለዚያ ጠዋት በሩ በበረዶ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ።

ባሕረ ሰላጤው አገር ያለው ችግር የበረሃው አሸዋ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ በባልዲና በጨርቅ የሚያጥቡ ሠራተኞችን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ከጨርቁ በፊት ውሃ እንዲረጩ ተስማሙ። ዱባይ ውስጥ በአቧራ ተሸፍኖ ሕዝብ ማቆሚያ ላይ የተተወ መኪና 500 ድርሃም ሊያስቀጣ ስለሚችል፣ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስትመጡ የሚያስታጥብላችሁ ሰው አዘጋጁ። ጀርመን የምትኖሩ ደግሞ ደጃችሁ ላይ ባልዲ ከማውጣታችሁ በፊት የከተማችሁን ደንብ ጠይቁ። የከርሰ ምድር ውሃን ለመጠበቅ ብዙ ከተሞች መንገድ ላይ ማጠብን ይከለክላሉ።

ጭረቱ አስቀድሞ ካለስ?

ማታ የስልካችሁን መብራት ኮፈኑ ላይ አብሩና እዩ። በመብራቱ ዙሪያ ክብ እየሠሩ የሚታዩት መስመሮች የእጥበት ጭረት ናቸው። ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት የማይይዝ ከሆነ ፖሊሽ ያወጣዋል። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ጥልቅ ስለሆነ ፖሊሽ ላይጠግነው ይችላል።

ፖሊሽ ጭረቱን የሚያጠፋው ክሊር ኮቱን በመላጥ ነው። በየበዓሉ የሚደረግ ነገር አይደለም። የምታሠሩበት ቦታ የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለው ጥሩ ምልክት ነው፤ ሳይጀምር እንዲለካ ጠይቁት። ከሌለው መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ለስለስ ባለው ፖሊሽ ሞክሮ ያሳያችሁ። ሲያልቅ የዚያኑ ቀን ዋክስ ይቀባ።

ፎጣዎቹንና ጓንቱን ለብቻቸው በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና እጠቧቸው። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፣ ጭራውን ይደፍነዋል። ጥላ ውስጥ ይድረቁ፣ ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ አቧራ እንዳይገባባቸው።